ሳይወጡ ወጡ ስለ ተባሉት

ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ በየዘመኑ ቢለዋወጥም፥ የሚነጋገርበት ምክንያት ብዙ አይለዋወጥም። በሌላ አገር ዕድር የሚባለውን ማኅበር እኛ በቆቦና በራያ ቈላ ያደግን ሰዎች ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ለፋፊው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ቆሞ ይጣራል፤ ድምፁን የሰማ ሁሉ፥ እስላምም ቢሆን ክርስቲያንም ቢሆን፥ ሥራውን ትቶ ወደ ለቅሶው ይሄዳል። ሳይሄድ የቀረ እንደ ሆነ በቅሬው ዳኛ ፊት ቀርቦ ምክንያቱን ይናገራል፤ ምክንያት ከሌለውም መቀጫ ይከፍላል። እንግዲህ የቅሬ ወሰኑ የለፋፊው ድምፅ እስከሚደርስበት ድረስ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ዳሩ ግን ካለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት ወዲህ የራያ ልጅ ድምፅ ከማይደርስበት አገር ሄዷል። አንዱ ወደ አዲስ አበባ፥ አንዱ በአፋር በረሃና በጅቡቲ አድርጎ፥ ባሕር ተሻግሮ፥ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፥ ሌላው በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ሄደ። ለፋፊው እስከ ጅዳ ድረስ እንዴት ይሰማ? ስለዚህ በ2009 ዓ.ም. ከቅሬያችን ጐልማሶች አንዱ ዋትሳፕ በሚባለው የመልእክት መሣሪያ ላይ ግሩፕ ከፈተና፥ የቅሬውን ልጆች ስልክ ካሉበት እየለቀመ አስገባ። በጥቂት ወራት ውስጥ ቍጥራችን ከመቶ ሠላሳ አለፈ።

መጀመሪያ የሞት ወሬ ብቻ ይነገርበት ዘንድ ተወስኖ ነበረ። ነገር ግን ወሬ ወሬን ይጠራልና፥ ዓመት ሳይሞላው የቆቦ ገበያ የማሽላ ዋጋ፥ የበዓል ሰላምታ፥ የተወለዱ ሕፃናት ፎቶግራፍ፥ አንዳንድ ጊዜም ዳኛው ባይሰሙት የሚሻል ቀልድ ይጻፍበት ጀመር። ከሁሉ ይልቅ እኔን ደስ የሚያሰኘኝ በክረምት መግቢያ የሚጻፈው ነበር። የቆቦ ሜዳ ዝናብ ያጥረዋል፤ ገበሬው በራሱ ላይ ካለው ደመና ይልቅ በምዕራብ በኩል በደጋው ላይ የሚጠቍረውን ደመና ይመለከታል፤ ከዚያ የሚወርደውን ጎርፍ በቦይ ጠልፎ ማሳውን ያጠጣልና። አንዱ «ዛሬ ማታ ሆርማት ሞልቶ ወረደ» ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፥ በሪያድ መኪና የሚነዳውም፥ በአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት የምውለው እኔም፥ አንድ ጥማድ መሬት ሳይኖረን እንደ ገበሬ ደስ ይለን ነበር። ይህን የመሰለ ወሬ በጋዜጣ አይገኝም።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተጀመረው ጦርነት በሐምሌ ወር ወደ ራያ ወረደ፤ ቆቦም በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች። በዚያው ሰሞን ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋረጠ።

ይህን መሣሪያ የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ነገሩን በጥቂቱ ላስረዳው። በዋትሳፕ የተላከ ቃል ከላኪው ስልክ ሲወጣ በአጠገቡ አንድ ራይት ይታያል፤ ከተቀባዩ ስልክ ሲደርስ ራይቱ ሁለት ይሆናል፤ ሲነበብ ደግሞ ሁለቱም ሰማያዊ ይሆናሉ። እኔ በቆቦ ለነበረችው ለአክስቴ ልጅ «እንዴት ናችሁ?» ብዬ ጻፍሁላት። አንድ ራይት ሆነ። በማግሥቱም አንድ ራይት፤ በሳምንቱም አንድ ራይት። ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሣ የማየው ይህንኑ ነበረ፤ ማታም ሳልተኛ የማየው ይህንኑ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ኩባንያው ላልደረሰ መልእክት የሚታገሠው 30 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይደመስሰዋል። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ የጻፍሁላት ሁሉ በመንገድ ጠፍቷል፤ በእኔ ስልክ ላይ ግን እስከ ዛሬ ድረስ አንዷን ራይት እንደ ያዘ ቆሟል።

ጳጕሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በቆቦ ሰላማውያን ሰዎች እንደ ተገደሉ ሂዩማን ራይትስ ዎች የሚባለው ድርጅት ከሦስት ወር በኋላ መርምሮ አወጣ። እኛ ግን ወሬውን የሰማነው በወቅቱ፥ ተሰባብሮ፥ ወደ ደሴ ከሸሹ ሰዎች አፍ ነበረ። አንዱ «እገሌን በዓይኔ አይቻለሁ» ይላል፤ ሌላው «ከሰው ሰምቻለሁ» ይላል፤ ሦስተኛው ሁለቱን አደባልቆ ይጽፋል። በውጭ የቀረነው የግሩፑ አባሎች በዚያ ክረምት ማብቂያ ብዙ ሰው አለቀስን፤ ካለቀስንላቸውም ውስጥ በእውነት የሞቱ አሉ፥ ያልሞቱም አሉ። ኀዘን ደግሞ መላሽ ያጣ እንደ ሆነ ቍጣ ይሆናል። ከዋጃ ማዶ የአላማጣ ልጅ የሆነ፥ በቆቦ አብሮን የተማረ፥ አፉን በትግርኛ የፈታ ባልንጀራ ነበረን። እርሱም በውጭ አገር ሆኖ የእናቱን ድኅነት የሚጠይቅበት ስልክ አጥቶ ነበረ። አንድ ማታ ክፉ ቃል ጻፉበት፤ እርሱም መለሰ። በነጋታው ስንነሣ ከአድሚኖቹ አንዱ በሌሊት አስወጥቶት አገኘነው። ማንም ምንም አላለም።

በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። አንድ ማለዳ ስልኬን ብከፍት በግሩፑ ላይ «ወጣ» የሚል ጽሑፍ አየሁ፤ ከፊቱ ያለው ስም በቆቦ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ስም ነው። ከሥሩ ሌላ ስም፥ «ወጣ»። ከዚያ ሌላ፥ «ወጣች»። እስከ ቀትር ድረስ ዐሥራ አንድ ሰው ወጣ። ከአራት ወር ዝምታ በኋላ ከቆቦ የመጣልን የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር። በጅዳ ያለች አንዲት እኅት «ምን በደልናቸው?» ብላ በድምፅዋ እያለቀሰች ላከች። ሌላው «ስልካቸውን የያዘው ሰው ነው እያወጣቸው ያለው» አለ፤ ይህም የባሰ አስደነገጠን።

ነገሩን የፈታልን ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ ወጣት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ የተጀመረ አይደለም። በሕንድ አገር በካሽሚር መንግሥቱ ኢንተርኔትን ሐምሌ 29 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢዘጋ፥ በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ወር የካሽሚር ሰዎች ስም ከየግሩፑ «ወጣ፥ ወጣ» እየተባለ ይረግፍ ጀመር፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ዘመዶቻቸውም እንደ እኛ ደነገጡ። የዋትሳፕ ባለቤት የሆነው የፌስቡክ ኩባንያ ሲጠየቅ፥ 120 ቀን ያልተሠራበትን አካውንት ለጥንቃቄ ሲል እንደሚሰርዝ፥ የተሰረዘውም ሰው ከየግሩፑ እንደሚወጣ፥ ኢንተርኔት ሲመለስለትም ዐዲስ ተመዝግቦ በሌላ ሰው እጅ ዳግመኛ መግባት እንደሚኖርበት መለሰ። ከሐምሌ ማብቂያ ጀምረን ብንቈጥር በእኛም ዘንድ 120 ቀን ሞልቶ ነበር።

ኩባንያው በክፋት ያደረገው አይመስለኝም። ነገር ግን ቃሉን አስተውሉልኝ። «ጠፋ» አላለም፥ «ተቋረጠ» አላለም፤ «ወጣ» አለ እንጂ። መውጣት የፈቃድ ሥራ ነው፤ በራያም ከቅሬ መውጣት ቀላል ነገር አይደለም፥ ቅሬ የሌለው ሰው ቀባሪ የለውምና። በቤቱ ተዘግቶ፥ ማሽላው በማሳ ላይ ቆሞ፥ የሚደውልበት አጥቶ የተቀመጠውን ሰው መሣሪያው በእኛ ፊት በገዛ ፈቃዱ ማኅበሩን የተወ አስመሰለው።

በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የመንግሥት ጦር ቆቦን መልሶ ያዘ፤ ስልክም ጥቂት በጥቂት መሥራት ጀመረ። ግሩፑን እንደ ነበረ መልሶ የማቋቋም ሥራ ለሦስት ሰው ተሰጠ፤ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርሁ። ሥራው በሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ የስልክ ቍጥር እየጻፉ ማስገባት ነውና። ነገር ግን የማን ቍጥር? የአንዱ ስልክ ተዘርፏል፤ የሌላው ከማሽላ ክምር ሥር ተቀብሮ እርጥበት አበላሽቶታል፤ ሦስተኛው ስልኩን ሸጦ እህል ገዝቶበታል። ለብዙ ጊዜ ያልተሠራበት ቍጥር ደግሞ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ እኛም ከቅሬያችን አንዱን ያስገባን መስሎን አንድ የማናውቀውን ሰው አስገብተን፥ «እናንተ እነማን ናችሁ?» ብሎ እስኪጠይቀን ድረስ እንኳን ደኅና ተረፍህ ስንለው ውለናል። ሰውየው ጨዋ ነበረ፤ ተሰናብቶን ወጣ።

ደግሞም የስሙ ነገር አለ። ስም በየስልኩ የሚመዘገበው እንደ ባለስልኩ ፈቃድ ነው። በእኔ ስልክ «የወፍጮው ልጅ» የተባለው ሰው በሌላው ስልክ «ሪያድ 2» ተብሎ ተገኘ፤ በሦስተኛው ስልክ ደግሞ «ብር ያለበት» ይባላል። ሦስታችን ተቀምጠን ሦስት ሰው መስሎን ስንከራከርበት አመሸን። በመጨረሻ ከነአባትና ከነአያት፥ ከነመንደሩ ካልተጻፈ በቀር ሰው አንድ ሰው መሆኑ እንደማይታወቅ ተረዳንና እንደ ርስት ክርክር አያት መቍጠር ጀመርን።

ሊቃውንት አንባቢዎች ዕዝራ ሱቱኤልን ያስታውሳሉ። መጻሕፍቱ ተቃጥለው በጠፉ ጊዜ ዕዝራ አምስት ጸሐፊዎች ይዞ በ40 ቀን 94 መጻሕፍት አጻፈ፤ ከእነዚያም 24ቱ ለሁሉ እንዲነበቡ፥ 70ው ግን ለጥበበኞች ብቻ እንዲቀመጡ ታዘዘ። በልጅነቴ ይህን ስሰማ የሚደንቀኝ መጻፉ ነበረ፤ አሁን የሚደንቀኝ መለየቱ ነው። በዚያን ጊዜ በዋትሳፕ ግሩፕ ዐዲስ የገባ ሰው ከመግባቱ በፊት የተጻፈውን አያይም ነበር። ከቆቦ የተመለሱት ሁሉ ባዶ ገጽ ጠበቃቸው፤ በውጭ የነበርነው ግን የአምስት ዓመቱም የአምስት ወሩም ጽሑፍ በእጃችን አለ። ከእነርሱ ብዙዎቹ «የቀድሞውን ላኩልን» አሉ። የሠርጉን፥ የልጆቹን፥ የጎርፉን ደስ እያለን ላክንላቸው። የአምስቱን ወር ጽሑፍስ? በዚያ ውስጥ ክፉ ቃል አለ፤ በሕይወት ላለ ሰው የተለቀሰ ለቅሶም አለ።

ከተለቀሰላቸው አንዱ በጡረታ ያሉ የትምህርት ቤታችን መምህር ናቸው። ጳጕሜን መጨረሻ ላይ «ሞተዋል» ተብሎ ተጽፎ ከስድሳ የሚበልጥ ሰው ነፍስ ይማር ብሎባቸው ነበር። በጥር ወር ግን በልጃቸው ስልክ ራሳቸው ደወሉልኝ።

«ሞተህ ነበር አሉኝ እኮ» አሉ እየሳቁ። «ያለቀሳችሁልኝን አሳየኝ።»

«ጋሼ፥ ምን ያደርግልዎታል? ይተዉት» አልኋቸው።

«አንተ ልጅ፥ ሰው የገዛ ለቅሶውን የሚያይበት ዕድል ስንት ጊዜ ያገኛል? ላክልኝ!»

ላክሁላቸው። ሦስት ቀን ዝም አሉ፤ እኔም ሠጋሁ። በአራተኛው ቀን ደውለው ሁሉን እንዳነበቡ፥ እንዲህ የሚወደዱ እንዳልመሰላቸው ነገሩኝ። ቀጥለውም «ከሁሉ ዝም ያለ አንድ ሰው ነው፤ እርሱም ከኔ ገንዘብ የተበደረው ነው» አሉ። ስሙን ጠየቅኋቸው፤ አልነገሩኝም። ከዚያ በኋላ ግን በግሩፑ ላይ ስለ ማንም ሞት ወሬ ሲመጣ፥ ከሁሉ አስቀድመው «ማን አየ?» ብለው የሚጠይቁ እርሳቸው ናቸው፤ ይህም ሥርዓት ሆኖ ቀርቷል።

የአላማጣው ባልንጀራችን ጕዳይ እንደዚህ በሳቅ አላለቀም። እርሱን ያስወጣው ጊዜ ሳይሆን ሰው ነበርና፥ ስሙ ከዝርዝሩ ላይ ሲደርስ የቀሩት ሁለቱ ብዕራቸውን አስቀመጡ። አንደኛው ወንድሙ በቆቦ የተገደለበት ሰው ነው፤ ፊቱን እያየሁ ልናገረው አልተቻለኝም። እኔ ያልሁት ይህን ነው፤ ዝርዝሩ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ከመብራቱና ከስልኩ መጥፋት በፊት እንደ ነበረው ይመለስ፥ ከዚያ መውጣት የሚሻ በገዛ እጁ ይውጣ። እኛ የተሰጠን ሥራ መመለስ ነው እንጂ መምረጥ አይደለም፤ መምረጥ ከጀመርን ከመሣሪያው በምን እንሻላለን?

ነገሩ ወደ አገር ቤት ወደ ቅሬው ሽማግሌዎች ሄደ። በራያ ቆቦ ዘወልድ የሚባል ደም የተቃቡትን የሚያስታርቅ የሽምግልና ሥርዓት ስላለ፥ አንዳንዶች ወደዚያ ይወሰድ አሉ። የቅሬው ዳኛ ግን እስላም ሽማግሌ ናቸው፥ በድምፅ እንዲህ ብለው ላኩ፤ «ዘወልድ ደም ለተቃባ ነው። ይህ ልጅ የማንን ደም አፈሰሰ? እኛ ስሙን ከመዝገባችን አልፋቅንም፤ የፋቀው ስልክ ነው። ስልክ የፋቀውን መልሱ።» ወንድሙ የሞተበት ባልደረባችን ይህን ከሰማ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፥ «አስገቡት፤ እኔ ግን አላናግረውም» አለ። ከእርሱ ከዚህ የበለጠ መጠየቅ የሚገባ አይመስለኝም።

አስገባነው። «ሰላም ለሁላችሁ» ብሎ ጻፈ። ዐራት ሰው መለሰለት። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ፤ ስለ መለሱት እንዳመሰገነ፥ ነገር ግን ሰው ሁሉ በእርሱ ምክንያት ቃሉን እየመጠነ እንደሚጽፍ እንዳየ፥ ስለዚህ ራሱ እንደሚወጣ ነገረኝ። ቆይ ልለው ነበር፤ ተውሁት። ማታ በግሩፑ ላይ ስሙ ታየ፥ ከአጠገቡም «ወጣ»። ያ ቃል በስንት ሰው ላይ ሲዋሽ ከርሞ በዚያ ማታ እውነት ተናገረ። በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የሰላም ውል ከተፈረመ በኋላ እናቱ ባረፉ ጊዜ ከቅሬው ሁለት ሰው አላማጣ ድረስ ሄዶ ለቅሶ ደርሷል። በግሩፑ ግን እስከ ዛሬ የለም።

በእውነት ስለ ሞቱት የተነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። ዝርዝሩ እንደ ነበረው ይመለስ ከተባለ የእነርሱስ ስም? መሣሪያው የሚያውቀው ስልክ ያለውን ሰው ብቻ ስለ ሆነ፥ ሙታንን ማስገባት አይቻልም። አንዲት ልጅ ግን የአባቷን ስልክ ከነሲም ካርዱ አትርፋ ነበርና፥ አካውንቱን በስማቸው መልሳ ከፈተችውና እንድናስገባው ለመነችን። በየጊዜው ስልኩን ቻርጅ ታደርገዋለች፥ ከ120ው ቀንም አስቀድማ ትከፍተዋለች። በእርሱ አንድም ቀን ጽፋ አታውቅም፤ የምትናገረው ሲኖራት በራሷ ስልክ ትጽፋለች። አንዳንድ ሰው ይህን አልወደደውም፤ እኔ ግን ሥራዬ አይደለም ብዬ አልፌዋለሁ።

ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚያው በቆቦ ዙሪያ ዳግመኛ ተነሣ፥ ከተማይቱም እንደገና ተያዘች፤ ያቋቋምነውም ግሩፕ እንደገና ዝም አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ሲገባደድ ስሞቹ እንደ ለመዱት «ወጣ፥ ወጣ» እያሉ ይረግፉ ጀመር። በዚህ ጊዜ ግን ከጅዳ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። የቅሬው ጸሐፊ በወልድያ ያስገዛነው ትልቅ ደብተር አለውና፥ በዚያ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፥ መንደሩ፥ ስልኩ፥ ስልኩም ቢጠፋ ስለ እርሱ የሚጠየቀው ሰው ማን እንደ ሆነ በመስመር ተጽፏል። ስሙን በእስክሪብቶ፥ የስልኩን ቍጥር በእርሳስ ይጽፋል፤ ቍጥር ሲለወጥ ይፍቀዋል። የደብተሩ ግልባጭ በእኔ ዘንድ ይገኛል፤ አንድም በጅዳ አለ።

በደብተሩ መጨረሻ ገጽ ላይ ቍጥር የሌላቸው ስሞች አሉ፤ ከጦርነቱ በኋላ ማንም ሞተው ያላያቸው፥ ማንም በሕይወትም ያላያቸው ናቸው። ስለ እነርሱ በየወሩ በተራ እንጠይቃለን፤ በግሩፑ አይደለም፥ ሰው ለሰው እየደወልን ነው። ዐሥራ አራት ነበሩ። ባለፈው ወር አንዱ በጅቡቲ ወደብ የቀን ሥራ ሲሠራ ተገኘ፤ ስልክ የለውም፥ አብሮት በሚሠራ ሰው ስልክ አነጋገርነው። አሁን ዐሥራ ሦስት ናቸው።